ለላይፕዚግ ቤት 700 ዩሮ ልላክ ወይስ ልተው? 41 መልስ ያገኘው ጥያቄዬ

ጥያቄውን አንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የለጠፍኩት ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ እየተመለስኩ፣ ሚኒባሱ ሐረጎን ሲወጣ በስልኬ ጻፍኩት። ጭጋግ ስለነበር ሾፌሩ ቀስ ይላል፣ ኔትወርኩም ይቆራረጣል። ጽሑፌ የተላከው ደሴ ስንገባ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለአንድ ሴሚስተር ጀርመን አገር፣ ላይፕዚግ፣ የልውውጥ ተማሪ ሆኜ እንድሄድ ተመረጥኩ። እነሱ የክረምት ሴሚስተር የሚሉት ኦክቶበር 1፣ በእኛ መስከረም 21 ይጀምራል። (እኛ ክረምቱ ወጣ ስንል እነሱ ገባ ይላሉ።) የመቀበያ ደብዳቤው የመጣ ዕለት እናቴ ቡና አፍልታ ጎረቤት ጠራች። ከታች በኩል መኖሪያ የተማሪው የራሱ ጉዳይ ነው የሚል መስመር መኖሩን ያየሁት ደብዳቤውን ለሦስተኛ ጊዜ ሳነበው ነው።

ሁለት ሳምንት ማታ ማታ ስፈልግ ቆይቼ አንድ ሸጋ ቤት አገኘሁ። 38 ካሬ፣ ሙሉ ዕቃ ያለው፣ መሀል ከተማ፣ ሁሉም ነገር ተካቶ በወር 350 ዩሮ። ባለቤቷ ሐኪም ነኝ ትላለች። ለሥራ ሌላ አገር ስለሄደች ቤቱን ልታሳይ አትችልም። የመጀመሪያ ወር ኪራይና መያዣ፣ በድምሩ 700 ዩሮ ስልክላት ቁልፉን በፖስታ ትልክልኛለች። አምስት ፎቶ ላከችልኝ። ሌሎች ፈላጊዎች ስላሉ በሁለት ቀን ወስን አለችኝ። መድረኩ ላይ የጠየቅኩት ይህንኑ ነው፦ በዚህ መንገድ ቤት ያገኘ ሰው አለ? ልላክ ወይስ ልተው?

አንድ ነገር ግን ሳልጽፍ ቀርቻለሁ። እሱ መልስ 20 ላይ ይመጣል።

መልስ 1 እና 2። እንኳን ደስ ያለህ ብቻ ናቸው። አንዷ ዱዓ ጨምራበታለች፣ ሌላው የመስቀል ምልክት። ለጥያቄው መልስ ባይሆኑም ክፉ አጀማመር አልነበረም።

መልስ 3። ሙኒክ ሁለት ዓመት ተምራ የተመለሰች የደሴ ልጅ ናት። በትሕትና፣ ነገሩን ከሥሩ አስረዳችኝ። እዚያ አገር ዶርሙ የዩኒቨርሲቲው አይደለም። ሽቱደንተንቬርክ የሚባል ራሱን የቻለ ተቋም አለ፤ ዶርሙንም የተማሪ ካፌውንም የሚያስተዳድረው እሱ ነው። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው ተቀበለህ ማለት አልጋ ተያዘልህ ማለት አይደለም። ለዶርሙ ለብቻ ይመዘገባል፣ ወረፋ ይያዛል። ደብዳቤው የመጣ ዕለት ማመልከት ነበረብህ፣ ቢዘገይም ዛሬውኑ ተመዝገብ አለችኝ። ለልውውጥ ተማሪዎች የተያዘ ኮታ የሚኖርበት ጊዜ ስላለ፣ ለውጭ ተማሪዎች ቢሮው ኢሜይል እንድጽፍም መከረችኝ።

ይህን ሳነብ አፈርኩ። ግን ደግሞ ምን ላድርግ? እኛ ያደግነው በምደባ ነው። ግቢ የገባን ቀን የተለጠፈው ወረቀት ላይ ስማችንን እንፈልጋለን፣ የብሎክና የዶርም ቁጥራችንን ይዘን ፕሮክተሩ ጋ እንሄዳለን፣ ፍራሽ ተቀብለን እንገባለን። ከእኛ የሚጠበቀው ለሎከሩ የሚሆን ቁልፍ ገዝቶ መምጣት ነው። ዶርም የሚለመን ነገር መሆኑን ማን ነገረን?

መልስ 4። የመልስ 3ን አንድ ነጥብ አረመ። ኮታው ያለው አንዳንድ ከተማ ብቻ ነው። እሱ የሄደበት ከተማ ቢሮው የላከለት የድረ ገጾች ዝርዝር ብቻ ነበር። 11 ሌሊት ሆስቴል አድሯል፤ ስምንት ሰው በሚተኛበት ክፍል፣ ሻንጣውን ከአልጋው እግር ጋር በሰንሰለት አስሮ። የስኮላርሺፑ የመጀመሪያ ክፍያም የገባለት እዚያ ከደረሰ ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ፣ ቢያንስ የአንድ ወር ወጪ በእጅህ ይኑር ብሎኛል። ሰውየው ተማርሮ ነው የጻፈው፣ ግን የጻፈው ሁሉ ጠቅሞኛል።

መልስ 5። እዚህ ላይ ጨዋነቱ አለቀ። ፍራንክፈርት ነኝ የሚል ሰው ነው። ይህን የሚጠይቅ ፋራ ብቻ ነው፣ በሩቅ የሚሸት ሸወዳ ነው አለ። በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ወሎዬ ገራገር ስለሆነ ያየውን ሁሉ ያምናል ብሎ ጨመረበት።

መልስ 6 እና 7 ከዚህ የመጡ ናቸው። የወልድያ ልጅ የሆነ አንድ ሰው፣ ገራገርነት ከሞኝነት ጋር የሚምታታው እንግዳ ተቀብሎ የማያውቅ ሰው ላይ ነው ብሎ መለሰለት። ባለ 5 ደግሞ ግጥም ተወውና መረጃ አምጣ አለው። መልስ 8 ስለ ላይፕዚግ የእግር ኳስ ቡድን ነው፣ ስቴዲየም ገብቼ ቪዲዮ እንድልክለት የሚጠይቅ። አለፍኩት።

መልስ 9። ክሩን (የመልሶቹን ሰንሰለት) የቀየረው ይህ ነው። ኮምቦልቻ የሚሠራ ኤሌክትሪሽያን ነው። ከአገር ወጥቶ አያውቅም፣ ስለ ጀርመን የቤት ኪራይም ምንም እንደማያውቅ መጀመሪያ ተናገረ። እሱ ያየው ፎቶዎቹን ነው። ሦስተኛውን ፎቶ ክፈትና የኩሽናውን ግድግዳ አጉላው አለኝ። ከውሃ ማፍያው ጀርባ ሶኬት አለ። ቀዳዳው ሦስት ነው፣ ክብ ሳይሆን ጠፍጣፋ፣ ከጎኑም ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አለው። ይህ የእንግሊዝ ሶኬት ነው። ከውጭ የመጣ ዕቃ ሲጠግን እየቆረጠ የሚቀይረው ይህንኑ መሰኪያ ነው። የጀርመኑ ግን ሁለት ክብ ቀዳዳ ሆኖ ወደ ውስጥ የገባ፣ ከላይና ከታች የብረት ምላስ ያለው ነው፤ መሰኪያው እኛ ቤትም ይገባል። ታዲያ የላይፕዚግ ኩሽና ውስጥ የእንግሊዝ ሶኬት ምን ይሠራል?

ፎቶውን አጎላሁት። ውሃ ማፍያው ነጭ ነው፣ ክዳኑ ላይ የውሃ ጠብታ ይታያል። ከጀርባው ሦስቱ ጠፍጣፋ ቀዳዳዎች ቁልጭ ብለው አሉ። አምስቱን ፎቶዎች ስንቴ እንዳየኋቸው እኔ ነኝ የማውቀው። አልጋውን አይቻለሁ፣ መጋረጃውን አይቻለሁ፣ መስኮቱ ላይ የተቀመጠችውን አበባ ሳይቀር ለእናቴ አሳይቻለሁ። ሶኬት ግን ማን ያያል?

መልስ 10 የእኔ ነው። እውነቱን ነው ብዬ ጻፍኩ።

መልስ 11። ባለ 5 አላልኩም ወይ ለማለት ተመልሶ መጣ። መልስ 12 ተጠራጣሪ ነው፤ ባለቤቷ እንግሊዝ ኖራ ሶኬቱን ወድዳው ብታስገባውስ ብሎ ጠየቀ። ኤሌክትሪሽያኑ በመልስ 13 ሳይናደድ አስረዳው። ሰው ቤቱ ውስጥ የአገሩ ማፍያ፣ የአገሩ ቻርጀር የማይገባበት ሶኬት አስገጥሞ በየዕቃው መቀየሪያ ሲሰካ አይኖርም፤ ካላበደ በቀር።

መልስ 14። ደሴ ፒያሳ ባንክ ውስጥ የምትሠራ ልጅ ናት። ገንዘቡን የምትልክበትን የሒሳብ ቁጥር እየው አለችኝ። የአውሮፓው የሒሳብ ቁጥር በአገር መለያ ሁለት ፊደል ይጀምራል። የጀርመን ከሆነ ዲ እና ኢ ብሎ ይጀምርና በአጠቃላይ 22 ሆሄና አኃዝ ይሆናል። የተሰጠኝ ግን የሌላ አገር ነበር። መልስ 15 ግን አስተካከላት። በስልክ ብቻ የሚሠሩ ባንኮች አሉ፤ ጀርመን የሚኖር ቅን ሰውም የሊትዌኒያ ቁጥር ሊሰጥህ ይችላል፤ ስለዚህ ፊደሉ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፣ ከሌላው ጋር ሲደመር ነው። ልጅቷም ልክ ነህ ብላ ተቀበለች። ክሩ ውስጥ እንዲህ በሰላም ያለቀ እርማት ይህ ብቻ ነው።

መልስ 16። አሁን እትዬ መጡ። ስማቸውን አልጽፍም። ጢጣ አካባቢ ግቢያቸው ውስጥ አምስት ሰርቪስ ክፍል ለተማሪና ለሠራተኛ የሚያከራዩ እናት ናቸው። የጻፈላቸው የልጅ ልጃቸው ነው፣ እሳቸው እየነገሩት። ሐሳባቸው አንድ ነበር። ይህችኛዋ ምን ብላ ጠየቀችህ አሉኝ። የማን ልጅ ነህ፣ ከየት መጣህ፣ ምን ትማራለህ፣ ታጨሳለህ ወይ፣ ሰው ይመጣብሃል ወይ ብላሃለች? እኔ አሉ እትዬ፣ ለአንድ ክፍል ሰው ሳስገባ ቡና አጠጥቼ፣ መታወቂያውን አይቼ፣ የሚያውቀው ሰው ጋ ደውዬ ነው። ቤቴን የምሰጠው ለማላውቀው ሰው ነዋ! የማይጠይቅ አከራይ ቤት የለውም።

ደብዳቤዎቿን መልሼ አነበብኳቸው። ዘጠኝ ኢሜይል ጽፋልኛለች። ስለ እኔ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ገንዘቡን መቼ እንደምልክ።

መልስ 17፣ 18 እና 19 ወደ ሌላ ነገር ሄዱ። አንዱ ተማሪ እትዬን ሲያይ የራሱን አከራይ አስታወሰ፦ ማታ 3 ሰዓት የግቢው በር ይቆለፋል፣ እንግዳ ክልክል ነው፣ ቆጣሪው የጋራ ሆኖ መብራት እኩል ይከፈላል፣ እሱ ግን ያለው አንድ አምፖል ነው። ሌላው የደላላ ነገር አነሳ። ሁለት ቤት ስላሳየው ብቻ ኮሚሽን የጠየቀውን ደላላ ሲረግም ግማሽ ገጽ ጨረሰ። እትዬም በሩ 3 ሰዓት የሚዘጋበት ምክንያት አለው ብለው በልጅ ልጃቸው በኩል ጠንከር ያለ ነገር አስጻፉ። ሦስተኛው ሰው፣ ልጁ ገንዘቡን ሊልክ ነው፣ እናንተ የጢጣ በር ትቆጥራላችሁ ብሎ ሁሉንም ገሠጸ።

መልስ 20። የእኔ ነው። የደበቅኩትን ጻፍኩ። ከ700ው 200ውን ልኬው ነበር። ቀብድ ናት፣ ቤቱን ትይዝልሃለች ስላለችኝ ጀርመን ያለው የአክስቴ ልጅ ከራሱ ሒሳብ አስተላለፈልኝ። መድረኩ ላይ ስጠይቅ እኮ ልላክ ወይ ብዬ አልነበረም የምጨነቀው። ልክ አድርገሃል የሚል ሰው ነበር የምፈልገው።

መልስ 21 አልማረኝም። በልተው ከጨረሱህ በኋላ ምን ታማክረናለህ፣ የሰው ጊዜ ለምን ታባክናለህ አለ። ልክ ነው፣ ግን ያመኛል። የገረመኝ ባለ 5 ነው። ይሳለቃል ብዬ ስጠብቅ በመልስ 22 ሙሉ ምክር ይዞ መጣ። የአክስቴ ልጅ ዛሬውኑ ባንኩን ደውሎ እንዲያሳውቅ፣ ተቀባዩ ካልፈቀደ ገንዘቡ የመመለስ ዕድሉ ትንሽ መሆኑን፣ ቢሆንም ለፖሊስ በኢንተርኔት ክስ ማስመዝገብ እንደሚቻልና ኢሜይሎቹን አንዱንም ሳላጠፋ እንዳስቀምጥ ጻፈልኝ። መጨረሻ ላይ እሱም ጀርመን የሄደ ዓመት 400 ዩሮ እንደተበላ ነገረን። ለካ ያ ሁሉ ቁጣ ከዚያ ነው። መልስ 23 አንዲት ቃል ብቻ ነው፦ አብሽር። ከሐይቅ የተጻፈ ነው።

(ገንዘቡ አልተመለሰም። ስትጠይቁኝ ስለከረማችሁ ነው።)

መልስ 24። ክሩ ውስጥ እጅግ የወደድኩት ይህን ነው፤ ለቤት ፍለጋው ግን አንዲት ነገር አይጨምርም። በደርግ ጊዜ ላይፕዚግ የተማሩ ጋሼ ናቸው፣ አሁን ደሴ ጡረታ ላይ ያሉ። ያን ጊዜ አገሩ ምሥራቅ ጀርመን ነበር፣ ዩኒቨርሲቲው በካርል ማርክስ ስም ይጠራ ነበር። እሳቸውም እንደ ብዙ የውጭ ተማሪ መጀመሪያ ሄርደር ኢንስቲትዩት ገብተው ቋንቋ ተማሩ፤ ተቋሙ በ1956 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ነው። ቤት ፍለጋ የሚባል ነገር አላዩም። ከባቡር ጣቢያ ተቀብሏቸው የሄደ ሰው ክፍል ቁጥር ሰጥቷቸው ተመለሰ። ከአንድ ቬትናማዊና ከአንድ ሞዛምቢካዊ ጋር ነበር የኖሩት። ሩዝ በሦስት ዓይነት መንገድ እንደሚበስል ያወቁት ያኔ ነው። የነበሩበት መንገድ የኦክቶበር 18 ጎዳና ይባላል። ከመስኮታቸው በናፖሊዮን ላይ ለተገኘው ድል የቆመው፣ ቁመቱ 91 ሜትር የሆነ ጥቁር ሐውልት ይታያል። ዛሬም እዚያ የተማሪ ዶርሞች ስላሉ ማመልከቻው ላይ ያን መንገድ ምረጥ አሉኝ፣ መስኮቱን ለማየት ብቻ እንኳ ቢሆን።

ከዚያ ወደ ሰኞ ሄዱ። የደሴ ሰው ሰኞ ሲባል ሰኞ ገበያ ነው የሚታየው። ላይፕዚግም ከጥንት የታወቀች የንግድ ትርኢት ከተማ ናት፤ እሳቸውን ግን ሰኞ የሚያስታውሳቸው ሌላ ነገር ነው። ተመልሰው ደሴ ሳሉ፣ በ1989 እ.ኤ.አ.፣ ኦክቶበር 9፣ ሰኞ ማታ፣ ከኒኮላይ ቤተ ክርስቲያን ጸሎት በኋላ 70,000 ያህል ሰው አደባባይ ወጣ፤ ወሬውን የሰሙት በሬዲዮ ነው። የሚያውቁት መንገድ፣ ትራም የጠበቁበት ቦታ ሁሉ ሰው ሞልቶት ሲባል ሬዲዮኑን ይዘው ቆመው ቀሩ። ልክ በወሩ የበርሊን ግንብ ተከፈተ።

መልስ 25፣ ኦክቶበር 18 በእኛ አብዛኛውን ዓመት ጥቅምት 8 ስለሚሆን በስሙ እንዳልምታታ አስጠነቀቀኝ። መልስ 26 ናፖሊዮን ተሸነፈ ወይስ አፈገፈገ የሚል ክርክር ከፈተ። ማንም አልተከተለውም፤ ተመስገን።

መልስ 27። የሐይቅ ልጅ ናት፣ አብሽር ያለችኝ። በሚቀጥለው ዓመት ለማመልከት አስባለች። ቬጌ የሚሉት የጋራ ቤት ከወንዶች ጋር መኖር ግዴታ ነው ወይ፣ ኩሽናውስ ሐላል ለሚበላ ሰው እንዴት ይሆናል ብላ ጠየቀች። የሙኒኳ ልጅ በመልስ 28 እህት ለእህት እንደሚያወራ ጻፈችላት። ቬጌ ማለት እያንዳንዱ የራሱ መኝታ ኖሮት ኩሽናና መታጠቢያ የሚጋራበት ነው። ለሴቶች ብቻ የሚል ማስታወቂያ ሞልቷል፣ መፈለጊያው ላይም መምረጥ ይቻላል። ፍሪጅ ውስጥ ለሰው አንድ አንድ መደርደሪያ ይከፈላል። እሷ የራሷን መጥበሻና ድስት ቀይ ክር አስራበት ለይታ ታስቀምጥ ነበር፤ ምክንያቱን አንዴ ከነገረቻቸው በኋላ ማንም አልነካባትም። ማስታወቂያው ላይ ዝቬክ ቬጌ የሚል ካለ ግን አብሮ መብላት፣ አብሮ መጫወት የለም፤ ኪራይ ለመጋራት ብቻ የተሰበሰቡ ሰዎች ናቸው። አንዳንዱ ይህን ሳያውቅ ገብቶ በብቸኝነት ያለቅሳል።

መልስ 29 ሴት ልጅ ብቻዋን ባሕር ማዶ ምን ትሠራለች የሚል ነው። መልስ 30 የራሷ የልጅቷ ነው። ጥያቄዬ ስለ ድስት ነበር፣ አንተን ማን ጠራህ አለችው። ከዚህ በላይ ልጨምርበት አልችልም።

መልስ 31። ሃሌ የምትባለው ጎረቤት ከተማ የሚማር የኩታበር ልጅ ነው። ክሩን እያነበበ ቆይቶ፣ ሳይነግረኝ ቅዳሜ በባቡር ላይፕዚግ ሄዶ የላከችልኝን አድራሻ ፈለገው። ሕንፃው አለ። ከሥሩ ዳቦ ቤት ነው። ጀርመን አገር አፓርታማ በቁጥር ሳይሆን በነዋሪው ስም ነው የሚታወቀው፤ በር ላይ የደወል ሰሌዳ አለ፣ ከየደወሉ ጎን የቤተሰብ ስም ተጽፏል። አሥራ አራቱን ደወል አንድ በአንድ አነበባቸው። የእሷ ስም የለም። የዳቦ ቤቷን ሴትዮ ቢጠይቃት ሳቀች፤ በዚያ ወር ሻንጣ ይዞ የመጣ ሌላ ልጅ ይህንኑ ስም ጠይቋት ነበር።

ያ ሻንጣ የያዘ ልጅ ከአእምሮዬ አይጠፋም።

የኩታበሩ ልጅ በዚያው ስለ ውልም ጻፈ፣ እሱን ሰብሰብ አድርጌ ላስቀምጠው። ካልትሚተ ማለት ባዶው ኪራይ ነው፣ ቫርምሚተ ማሞቂያና የመሳሰለው ሲጨመርበት። ማስታወቂያው ላይ በትልቁ የተጻፈውን አኃዝ አይተህ ከመደሰትህ በፊት የትኛው እንደሆነ እይ፤ ቫርምሚተ ቢልም መብራትና ኢንተርኔት ውጭ ሊሆን ይችላል። መያዣው በሕግ ከሦስት ወር ባዶ ኪራይ መብለጥ አይችልም፣ በሦስት ጊዜ ከፍሎ መጨረስም መብት ነው፤ የመጀመሪያው ኪራዩ ሲጀምር ነው የሚከፈለው። በገባህ በሁለት ሳምንት ውስጥ አንሜልዱንግ የሚባለውን የነዋሪነት ምዝገባ ታደርጋለህ፤ ለእሱ አከራዩ የፈረመበት ወረቀት ያስፈልጋል። አከራዩ ምዝገባ አይቻልም ካለህ ቤቱ በነፃ ቢሆንም ጥለህ ሂድ፤ ያለዚያ ወረቀት የባንክ ሒሳቡም የመኖሪያ ፈቃዱም ይንጠለጠላል። ቴሌቪዥን ኖረህም አልኖረህም ለአንድ ቤት በወር 18.36 ዩሮ የሬዲዮና ቴሌቪዥን ክፍያ አለ፤ በጋራ ቤት ይካፈሉታል።

መልስ 32፣ ይህን ሁሉ ከማንበብ ደሴ ምን አጣሁ ብለህ አትቀመጥም ወይ የሚል ቀልድ ነው። 17 ሰው ወዶለታል።

መልስ 33። ሁነኛ መንገድ ያሳየኝ ይህ ነው፣ ከመልስ 4 የመጣ፤ ያው ሆስቴል ያደረው ሰውዬ። አንተ ለአንድ ሴሚስተር ነው የምትሄደው አለኝ። እዚያም ለአንድ ሴሚስተር ሌላ አገር የሚሄድ ተማሪ አለ። ክፍሉን ባዶ እያስቀመጠ ኪራይ ከሚከፍል ለአንተ ያከራይሃል። ይህ ዝቪሸንሚተ ይባላል፤ ዕቃው ውስጡ ስለሚቀር ፍራሽ እንኳ አትገዛም። ሁለት ነገር ብቻ አረጋግጥ፦ ዋናው አከራይ መፍቀዱን በጽሑፍና ምዝገባ መቻሉን። ቪዲዮ ደውልና ከሰውየው ፊት ጀምሮ እስከ ደወሉ ድረስ እየሄደ እንዲያሳይህ ጠይቅ።

መልስ 34 እስከ 38 ስለ ቡና ናቸው። ማን እንደጀመረው አላስታውስም። ጀርመን መኝታ ክፍል ውስጥ የጭስ ማስጠንቀቂያ ግዴታ ነው፤ አንዲት ልጅ ዶርሟ ውስጥ ቡና ቆልታ ዕጣን ስታጨስ ጮኸባት፣ አራት ፎቅ ሰው በካልሲ ውጭ ቆመ። ገና አቦሉን እንኳ አልቀዳችም ነበር። ሌላው ቡናው ተቆልቶ ይላክልህ ብሎ መከረ። አንዱ ደግሞ ዕጣን የሌለው ቡና ምኑን ቡና ሆነ ብሎ ተቆጣ። ከዚህ ወደ መስኮት ሄዱ። እዚያ በብርዱ ወር ሳይቀር በቀን ሁለት ሦስቴ መስኮት ወለል አድርጎ መክፈት ደንብ ነው፣ ሻጋታ እንዳይመጣ። የደሴን ጭጋግ ለመከላከል መስኮት ዘግቶ ላደገ ሰው ይህን ማስረዳት ቀላል አይደለም። እናቴ አሁንም አላመነችም።

መልስ 39። የእኔ ነው፣ ጳጉሜን ውስጥ የተጻፈ። የዶርሙ ወረፋ አልደረሰኝም። ዝቪሸንሚተ ግን አገኘሁ። ሊዝበን ለአንድ ሴሚስተር የምትሄድ ልጅ ክፍል ነው፣ 14 ካሬ፣ ሁሉም ተካቶ 310 ዩሮ። ስልኳን ይዛ ደረጃውን ወርዳ ስሟ ያለበትን ደወል አሳየችኝ፣ ደወለችውም። ኩሽናውን ስታሳየኝ ዓይኔ ሶኬቱ ላይ ነበር። ሁለት ክብ ቀዳዳ። ኤሌክትሪሽያኑ እንዲያይልኝ ፎቶውን ለጠፍኩት፤ በመልስ 40 ይሄ ነው፣ ግባ አለኝ።

እሷም ብዙ ጠየቀችኝ። ታጨሳለህ? ማታ ስንት ሰዓት ትተኛለህ? አበባ ውሃ ማጠጣት ትረሳለህ? የሙዚቃ መሣሪያ አለህ? ከዚህ በፊት ከማን ጋር ኖረህ ነበር? ዶርም ውስጥ ስድስት ሆነን እንደኖርን ስነግራት ለደቂቃ ዝም አለች። ይህንንም ጽፌዋለሁ፣ በተለይ እትዬ እንዲያዩት።

መልስ 41። የእትዬ ነው፣ የልጅ ልጃቸው እንደጻፈው። እንዲህ ከጠየቀች የቤት ሰው ናት አሉ። 310ው በብር ስንት እንደሚሆን አስልተው ነበር፣ የደረሱበትን ግን መጻፍ አልፈለጉም። ልጅቷ አንድ ቀን ደሴ ከመጣች አንዱ ክፍል ባዶ ስለሆነ መያዣ ሳትከፍል ትግባ፤ በሩ ግን 3 ሰዓት ላይ እንደሚዘጋ ከአሁኑ ንገራት አሉኝ።